«ውስጤ ባዶ ነው» ለሚል ሰው፦ የጎደለውን ለይቶ የመሙያ መንገድ

«ውስጤ ባዶ ነው» የሚል ሰው በአዲስ አበባ መሀል ሞልቷል። ሥራ የፈታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባንክ ውስጥ ከረባት አስሮ የሚውል ወጣት ይለዋል፤ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች የአራት ኪሎ እናት ትለዋለች፤ እህቱ ከውጭ ብር የምትልክለት የሜክሲኮ ልጅም ይለዋል። ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ያው ነው፦ «የምኖረው ለምንድን ነው?» ይህን ጥያቄ አልንቀውም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ግን ከእሱ የሚቀድም፣ መልሱም ቀለል የሚል ሌላ ጥያቄ አለ፦ አሁን፣ በዚህ ወር፣ ነፍሴ የተራበችው ምንድን ነው?

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ማታ ማታ ስድስት ኪሎ ሥነ ልቦና ተምሬያለሁ። አሁን ፒያሳ የተመሠረተው የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ መዋጮ ሊከፍል የመጣ ሰው ደረሰኙን ከተቀበለ በኋላ ወንበር ስቦ ይቀመጥና የልቡን ያወጣል። ለእነዚያ ሰዎች የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ሂሳብ ላይ ሚዛኑ እንቢ ሲል «ተበላሸ» ብሎ ጭንቅላት መያዝ የትም አያደርስም፤ መዝገብ በመዝገብ ወርዶ ስህተቱ የተቀመጠበትን መስመር ማግኘት ነው። ባዶነትም በጥቅሉ ሲያዩት ያስፈራል፤ ሲዘረዘር ግን የጎደለው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነገር ነው፤ እሱም የሚሞላ ነው።

መጀመሪያ ሕመሙን ለዩ

ባዶነት ሁሉ በምክር አይለቅም። እንቅልፍ ከጠፋ ወይም ከልክ በላይ ከሆነ፣ ምግብ አልገባ ካለ፣ ትወዱት የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ ከአልጋ መነሣት ከከበደ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ድብርት የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይያችሁ። ሞትን መመኘት ወይም ራስን ስለ ማጥፋት ማሰብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ለምታምኑት ሰው ተናግራችሁ አብራችሁ ሂዱ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። «አማኑኤል ገባ» መባልን የሚፈሩ ብዙ ናቸው። ስሙ በሰፈር አፍ መሰደቢያ ሆኖ ስለኖረ ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን ታክመው ዛሬ ሥራቸው ላይ፣ ትዳራቸው ውስጥ ያሉ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁና አጥብቄ እላለሁ፦ ሂዱ። ጸበሉም ዱዓውም ሐኪምን አይከለክልም፤ መድኃኒቱንም አያስጥልም።

ከዚህ በታች ያለው ምክር ሕመም ላልሆነ ባዶነት ነው፤ ወይም ሕክምናውን ጀምሮ ጎን ለጎን ኑሮውን ማደስ ለሚፈልግ ሰው።

ሦስት ዓምድ ያለው ደብተር

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሆነው፣ ለአሥርት ዓመታት አንድ ሐሳብ ሲያበጥሩ ኖረዋል። ሆዱ ከሞላም በኋላ ሰው ያለ እነርሱ የሚጫጫባቸው ሦስት ነገሮች አሉ ይላሉ። አንደኛው የሚሠራውን በገዛ ፈቃዱ፣ አምኖበት መሥራቱ ነው። ሁለተኛው እችላለሁ ማለቱ፣ እጁ የያዘው ነገር ፍሬ ሲያፈራ ማየቱ ነው። ሦስተኛው መውደድና መወደድ፣ የሰዎች ወገን መሆን ነው። እኔ ሳስረዳ ባጭሩ ፈቃድ፣ ችሎታ፣ ሰው እላቸዋለሁ።

አንድ ተራ ደብተር ግዙና ገጹን ለሦስት አስምሩት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በየዓምዱ አንድ አንድ መስመር ጻፉ፦ ዛሬ ወድጄ ያደረግሁት ምን ነበር? ዛሬ የተሳካልኝ ምን ነበር? ዛሬ ከማን ጋር ልብ ለልብ ተገናኘሁ? መልስ ካልመጣ ባዶውን ተዉት፤ ገጹ እንዲያምር ብላችሁ አትሙሉ። «ታክሲ ሰልፍ ላይ ካለችው ሴትዮ ጋር ስለ ልጆቻችን አወራን» ይበቃል። ስልክ ላይ አትጻፉት፤ ስልኩን ከፍታችሁ ደብተሩ ጋ ሳትደርሱ ሌላ ነገር ይወስዳችኋል።

አንድ ወር ያህል ከጻፋችሁ በኋላ ገጾቹን እያገላበጣችሁ የቱ ዓምድ ነጭ እንደሆነ እዩ። ሰው ስለ ራሱ የሚገምተውና ደብተሩ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። «ብቸኛ ነኝ» ብለው የመጡ፣ ገጻቸው ሲታይ ግን የሰው ዓምዱ ሞልቶ የፈቃዱ ዓምድ ባዶ የሆነባቸው አጋጥመውኛል። ሰው በዙሪያቸው አለ፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ትእዛዝ ሲፈጽሙ ይውላሉ። ለእነርሱ «ጓደኛ አብዙ» ብሎ መምከር ሸክም መጨመር ነው።

እዚህ ላይ «ሆድ ሳይሞላ የምን የነፍስ ረሃብ ያወሩልኛል?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚያሳድደው ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ስለ ትርጉም እያሰበ አይደለም። ይህን የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት በየሥልጠናው የሚታየውን የአብርሃም ማስሎን ፒራሚድ ነው፦ ከታች ምግብ፣ ከላይ የራስን ማንነት እውን ማድረግ፣ የታችኛው ሳይሞላ ወደ ላይ መውጣት የለም። ማስሎ ሐሳቡን ባወጣበት እ.ኤ.አ. በ1943 ጽሑፉ ውስጥ ፒራሚድ የለም። አንዱ ፍላጎት መቶ በመቶ ካልተሟላ ቀጣዩ አይመጣም ማለትም ትክክል እንዳልሆነ እዚያው ጽፏል። ለምሳሌ ያህል ብቻ ቁጥር ሰጥቶ፣ አንድ ተራ ሰው የአካሉ ፍላጎት 85 በመቶ፣ የደህንነቱ 70፣ የፍቅሩ 50 በመቶ ተሟልቶለት ሊኖር እንደሚችል ያስቀምጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም በከፊል። በእድራችን በቀን ሥራ የሚተዳደሩ አባላት አሉ፤ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ለመትከል ቀድመው የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። ያንን የሚያደርጉት ሆዳቸው ሞልቶ ስለተረፋቸው አይደለም። ቢሆንም ጭንቀታችሁ በቁሙ የገንዘብ ከሆነ በሌላ ስም አትጥሩት፤ ለእሱ እቁብ መግባት፣ ዕዳን ጽፎ ማወቅ፣ ከአከራይ ጋር ቀድሞ መነጋገር ከደብተሬ ይቀድማል።

የፈቃድ ዓምድ ባዶ ከሆነ

ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው አንድ ሙከራ አለ። ተማሪዎች ሶማ የሚባል፣ ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ ቅርጽ የሚሠሩበት እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። ከፊሎቹ ለፈቱት ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ዶላር ተከፈላቸው፤ ሌሎቹ ምንም አልተከፈላቸውም። በኋላ ክፍያው ቀረ። ማንም ምንም በማያዛቸው የእረፍት ደቂቃዎች፣ ብር የለመዱት ተማሪዎች በእንቆቅልሹ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ከቀድሞው አነሰ። መጀመሪያ ግን ለጨዋታው ሲሉ ነበር የሚገጣጥሙት።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ፣ ሥዕል መሣል የሚወደው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ቲክቶክ ላይ ማሳየት እስኪጀምር ድረስ ደስ ብሎት ይሥል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚሥለው ሰው የሚወድለትን ሆነ፣ ላይክ ሲያንስበት ደግሞ ብሩሹን ጣለ። አንድ ነገር ብቻ መከርኩት፦ ከሚሥላቸው ውስጥ ለማንም የማይታዩ፣ እሱ ብቻ የሚያውቃቸው ሥዕሎች ይኑሩት። እናንተም ከምትወዱት ነገር ጥቂቱን ከገበያና ከተመልካች አርቁት።

ስለ ፈቃድ ስናገር ወላጆች ይደነግጣሉ፤ «ልጆቻችንን ቤት ልታስለቅቂብን ነው» ይሉኛል። በፈቃድ መሥራትና ለብቻ መኖር የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቫለሪ ቺርኮቭ፣ ራያንና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኮሪያ፣ በሩሲያ፣ በቱርክና በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ ሰው በቤተሰብና በማኅበረሰብ ወግ ውስጥ እየኖረም ቢሆን ወጉን አምኖበት የራሱ ካደረገው ደህና እንደሚሆን አሳይተዋል። ወጉ አይደለም ጉዳቱ፤ ሳያምኑበት መኖሩ ነው። ሁለት እህትማማቾች ታማሚ እናታቸውን በፈረቃ ያስታምማሉ እንበል። አንዷ «ሰው ምን ይለኛል» ብላ ነው፤ ሌላዋ «እናቴን በእጄ ማጠብ እፈልጋለሁ» ብላ። ሥራው አንድ ነው፣ ድካሙም አንድ ነው፤ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን የሚሰማቸው ለየቅል ነው።

ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ የሳምንቱን ግዴታዎቻችሁን ሁሉ ዘርዝሩ፤ ሥራውን፣ ትምህርቱን፣ የቤት ውስጡን፣ የማኅበሩን። በእያንዳንዱ ጎን ከእነዚህ አንዱን ጻፉ፦ «ስለምወደው»፣ «ባልወደውም ስለማምንበት»፣ «ባላደርገው ራሴን ስለምወቅስ ወይም ሰው ምን ይለኛል ብዬ»፣ «ስለምገደድ»። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምግብ ናቸው። «ስለማምንበት» የሚለውን አትናቁት፤ አብዛኛው የጎልማሳ ሕይወት እሱ ላይ የቆመ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከበዙ ሁሉንም በአንድ ቀን ለመገልበጥ አትነሡ። አንድ ብቻ ምረጡና ጠይቁ፦ ልተወው እችላለሁ? ካልቻልኩ አሠራሩን ልለውጥ እችላለሁ? እሱም ካልሆነ የማምንበት ምክንያት በውስጡ አለ?

መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት የባንኩ ልጅ ሂሳብ ያጠናው አባቱ ስለፈለጉ ነው። ሥራውን መልቀቅ አይችልም፤ ታናናሾቹን የሚያስተምረው እሱ ነው። ዝርዝሩን ሲሠራ አንድ ነገር አገኘ፦ ከሥራው ውስጥ ለአዲስ ገቢዎች ሲያሳይ ብቻ ሰዓቱ አይታወቀውም። አለቃውን ሄዶ «አዲስ የሚቀጠሩትን እኔ ላለማምድ» አለ። ደመወዙም ወንበሩም ያው ነው፤ ማታ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ግን አገኘ። ለአባቱም እንዲናገር መክሬዋለሁ፤ ግን ብቻውን ተጋፍጦ ሳይሆን አባቱ የሚያከብሯቸውን አጎቱን አስቀምጦ፣ በምስጋና ጀምሮ። «አባዬ፣ ያስተማርከኝ ትምህርት ቤተሰቡን ይዞልኛል፤ አሁን በዚሁ ላይ ማስተማርን ልጨምርበት እፈልጋለሁና መርቀኝ» ማለት ከሩቅ ሲያዩት ማጎብደድ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በእኛ ቤት በር የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው፤ ምርቃቱ ሲገኝ ደግሞ ልጁ የሚሠራው በሙሉ ልቡ ነው።

የችሎታ ዓምድ ባዶ ከሆነ

ይህኛው ከሦስቱ ቶሎ የሚሞላ ነው፤ ሰው የሚዘናጋበትም እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያዩ መዋል እጅን ሥራ ያስፈታል፤ ማታ ሲሆን የሚታይ ነገር የለም። ሰርተፍኬት ማጠራቀምም እንደዚያው ነው፤ ሥልጠና ከሥልጠና እየዘለሉ አንድም ነገር እጃቸው ላይ ያልቀረ ልጆች አሉ።

አንድ ነገር ምረጡ። ሦስት መለኪያ አለው፦ ከምትችሉት ትንሽ ከፍ የሚል ይሁን፤ ውጤቱ በዚያው ሳምንት በዓይን ይታይ፤ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚላችሁ አንድ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ድፎ ዳቦ መድፋት ይሆናል፤ ልብስ መስፋት፣ ክራር፣ ብስክሌት መጠገን፣ ኤክሴል። ቤት ውስጥ መቀመጫና ጸጥታ ለሌለው፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ። ሄዶ መቀመጡ ራሱ ይረዳል፤ በዙሪያችሁ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲሠራ እጃችሁ ወደ ስልኩ መሄድ ያፍራል።

ሦስተኛው መለኪያ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ዩቲዩብ ያሳያል፤ የእናንተን እጅ ግን አያይም። ሰፈር ውስጥ ያለ አሮጌ ባለሙያ ፈልጉ። ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ፣ ቤቷ የምትጋግር ሴትዮ፣ የድሮ መካኒክ፣ አብዛኞቹ «አስተምሩኝ» የሚላቸው አጥተው ነው የተቀመጡት። እነርሱም ይህንኑ ዓምድ የራባቸው ሰዎች ናቸው።

የሰው ዓምድ ባዶ ከሆነ

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው በኮሪደር ልማት መልኩ ሲለወጥ የእድራችን አባላት ወደተለያየ የከተማው ዳርቻ ተበተኑ። ብዙዎቹ የተሻለ ቤት ገብተዋል፤ ውኃው ከቧንቧ፣ መጸዳጃው ከውስጥ። መዋጮ ሊከፍሉ ሲመጡ ግን የሚሉት ተመሳሳይ ነበር፦ «ቤቱ ጥሩ ነው፤ ሰው የለም እንጂ።» ግድግዳ ተጋርተው ሲጣሉና ሲታረቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በር ዘግቶ መዋልን አያውቁትም።

ከዚያ ወዲህ ማን ቶሎ እንደለመደና ማን እንደቆዘመ በቅርብ አይቻለሁ። ብዙ ጠያቂ የነበራቸው አይደሉም ቀድመው የተቋቋሙት። ቀድመው የተቋቋሙት በአዲሱ ቦታቸው አንድ ኃላፊነት የያዙት ናቸው፦ የብሎኩን የጥበቃ ገንዘብ የምትሰበስብ፣ የሰንበቴ ጠላ ተራ የምትጽፍ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት ሰብስቦ የሚያመጣ። ስለዚህ ምክሬ «ጓደኛ ፈልጉ» የሚል አይደለም። ጓደኛ ፍለጋ የወጣ ሰው ዓይኑ ራሱ ላይ ነው፤ ይከብደዋል። ይልቅ ብትቀሩ «የት ሄዱ?» የምትባሉበትን ቦታ ያዙ።

አደራረጉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቋሚ ቀን ያለው ስብስብ ምረጡ፤ እድር፣ የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የመስጊድ ጀመዓ፣ መዘምራን፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚጫወት የእግር ኳስ ቡድን። ቋሚነቱ ትልቅ ነገር ነው። ሳማንታ ሃይንትዘልማንና ላውራ ኪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በየጊዜው የሚደጋገም ልማድ ያለው ሰው ሕይወቱን የበለጠ ትርጉም ያላት አድርጎ እንደሚያያት አግኝተዋል፤ ልማዱ ተራ ቢሆንም። የእናቶቻችን የቡና ሰዓት ያለ ምክንያት አልኖረም።

ቀጥሎ በስብስቡ ውስጥ ትንሽ ሥራ ውሰዱ። ትልቅ ሹመት አትፈልጉ። እድር ውስጥ ከሆነ ወንበርና ድስት ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል፤ ወጣት ከሆነ እጁን እንስመዋለን። ስም ጥሪ መያዝ፣ ቁልፍ መያዝ፣ ሻይ ማፍላት። ሥራው ትንሽ ሆኖ ብትቀሩ ግን የሚጎድል መሆን አለበት።

ከዚያ የሚሰለቸውን ጊዜ እለፉት። መጀመሪያ ሞቅ ይላል፤ ከዚያ ስብሰባው ይረዝምባችኋል፣ አንዱ ሽማግሌ ያንኑ ወሬ ይደግመዋል፣ ማንም አያመሰግናችሁም። አብዛኛው ሰው የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። ቆዩ። ሰው የእናንተን ነገር ማስተዋል የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፦ «ዛሬ ፊትህ ልክ አይደለም፣ ምን ሆንክ?» የሚል ጥያቄ የሚመጣው ፊታችሁን ለረጅም ጊዜ ካየው ሰው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኔታ ዋይንስታይንና ራያን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ሌላን መርዳት የረጂውን መንፈስ የሚያድሰው ወዶ ሲያደርገው ነው፤ ተገፍቶ ሲያደርገው ግን ያ ጥቅም የለም። ተረጂውም ቢሆን ልዩነቱ ይሰማዋል። የቤተሰብ ሸክም ሁሉ የተጫነባት የመጀመሪያ ልጅ «በጎ ፈቃደኛ ሁኚ» ስትባል ማልቀስ ቢያምራት አይፍረድባት። የእሷ ነጭ ዓምድ ፈቃድ ነው፤ ወደዚያው ትመለስ።

አዲስ ሕንፃ የገባችሁና በር ማንኳኳት የሚከብዳችሁ፣ ስጦታ ይዛችሁ ከመሄድ ትንሽ ነገር በመጠየቅ ጀምሩ። «ሙቀጫ ይኖርሽ ይሆን?» ማለት ይበቃል። ሙቀጫውን ስትመልሱ የሆነ ነገር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ዕቃው ሲመላለስ ሰውም ይመላለሳል። በጣም ዓይን አፋር ለሆነ ደግሞ ብዙ ንግግር የማይጠይቅ መንገድ አለ። ስታዲየም አካባቢ ወዳለው የደም ባንክ ሄዶ በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይቻላል፤ ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው ይሰጣል። ስድስት ኪሎ ደግሞ የማዘር ተሬዛ መነኮሳት የታመሙና ጧሪ ያጡ ሰዎችን የሚያስታምሙበት ቤት አለ። እዚያ ስትሄዱ የተሸከማችሁትን አራግፎ ፎቶ አንሥቶ ለመመለስ አይሁን፤ መጀመሪያ «ምን ይጎድላችኋል? በየትኛው ቀን ልምጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ትርጉሙ

ሦስቱ ዓምዶች መሙላት ሲጀምሩ «የምኖረው ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ሰው በራሱ ይለዝባል። የማይለዝብለትም አለ፤ ለእሱ ጥያቄው ራሱ እንዲተነተን እመክራለሁ። ፊንላንዳዊው ፍራንክ ማርቴላና አሜሪካዊው ማይክል ስቴገር እ.ኤ.አ. በ2016 ሰዎች «ትርጉም» ሲሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ማለታቸው እንደሆነ ጽፈዋል። አንደኛው ሕይወቴ እርስ በርሱ ይያያዛል ወይ? ሁለተኛው ወዴት እየሄድኩ ነው? ሦስተኛው መኖሬ ዋጋ አለው ወይ?

መያያዙ ለጠፋበት ሰው የሚሻለው መናገር ነው። ሰፈሩ የተነሣበት፣ ትዳሩ የፈረሰበት፣ ከክፍለ ሀገር ተፈናቅሎ የመጣ ሰው፣ ሕይወቱ በፊትና በኋላ ተብላ ለሁለት ተቆርጣለች። አንድ ታጋሽ አድማጭ ፈልጉና ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ አያቴ ከየት እንደመጡ፣ እኛ ምን ዓይነት ቤት እንደነበርን፣ ምን እንደሆነ፣ ዛሬ ምን ይዤ እንዳለሁ። ተናጋሪው መሀል ላይ ራሱ ያልጠበቀው ቦታ ላይ «ለካ ይህን የተማርኩት ከዚያ ነው» ይላል። እድር ቤታችን ውስጥ ደጋግሜ የሰማሁት ነው። አቅጣጫ የጠፋበት ሰው ደግሞ የአሥር ዓመት ዕቅድ ይቅርበትና ከዚህ ዓመት የሚያልፍ አንድ ነገር ይያዝ፤ የእህቱን ልጅ እስከ 12ኛ ክፍል ማድረስ ይሆናል፣ የአባቱን መቃብር ማሠራት ይሆናል። ዋጋ የለኝም ለሚል ስለ ሰው ዓምድ የጻፍኩትን ከማንበብ ሌላ የምጨምርለት የለኝም፤ «ዋጋ አለህ» የሚል ቃል ከሚያሳምነው ይልቅ የሚጠብቀው ሰው ያሳምነዋል።

የማይለወጥ ሐዘን ሌላ ነው። ቪክቶር ፍራንክል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1942 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ናዚ ካምፕ ተወሰደ፤ አውሽቪትዝን አይቷል። በሕይወት ሲወጣ አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙና ሚስቱ አልነበሩም። ሰው ትርጉም የሚያገኝባቸው ሦስት መንገዶች አሉ ይላል፦ በሚሠራው ሥራ፣ በሚወደው ሰው ወይም በሚቀምሰው መልካም ነገር፣ እነዚህ ሁለቱ ሲዘጉ ደግሞ ማምለጥ የማይችለውን መከራ በሚቀበልበት አኳኋን። «ማምለጥ የማይችለውን» የሚለውን አጥብቆ ይለያል፤ ሊወገድ የሚችል መከራን ተሸክሞ መቀመጥን አያመሰግነውም። ይህን የማነሣው በመካከላችን ብዙ ሴቶች የሚደበድብ ባልን «መስቀሌ ነው» እያሉ ስለሚኖሩ ነው። እሱ የሚወገድ ነው፤ ዕርዳታ ይፈለግለታል። ልጇ በባሕር መንገድ ላይ የቀረባት እናት ግን የምትለውጠው ነገር የላትም። እንዲህ ያለች አንዲት እናት የሰፈሩን የሙት ዓመት ዝክሮች ሁሉ ማስታወስ ሥራዋ አድርጋዋለች፤ ማን መቼ እንደሞተ ይዛ ቀድማ ለቤተሰቡ ትደውላለች። ሐዘኗ አልቀነሰም። እሷ ደወለችልን የሚሉ ቤቶች ግን በየወሩ አሉ።

ባዶነቱ የሌላ ሰው ከሆነ

ይህን የምታነቡት ለራሳችሁ ሳይሆን ክፍሉን ዘግቶ ለሚውል ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ከሆነ፣ «ምን ጎደለህ?» አትበሉት። መብላቱን፣ መልበሱን ቆጥራችሁ አታስረዱት፤ ያንን እሱም ያውቀዋል፣ ማወቁም ነው ይበልጥ የሚያሳፍረው። ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። ከላይ የጻፍኳቸውን የሕመም ምልክቶች ካያችሁ ዛሬውኑ ይዛችሁት ሂዱ፤ «ብቻህን ሂድ» አይባልም።

ምልክቶቹ ከሌሉ ምክሩን ተዉትና ሥራ ስጡት፤ የምር የሚያስፈልጋችሁን፣ እሱ የሚችለውን፣ እንቢ የማለት መብቱን ሳትነኩ። «የእድሩ መዝገብ በእጅ ተጽፎ ዓይናችንን አጠፋው፤ ኮምፒውተር ላይ ልታሰፍርልን ትችላለህ? ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነን» በሉት። እንቢ ካለ «እሺ» ብላችሁ ውጡ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሥራ ይዛችሁ ጠይቁት፤ ሲመጣም «እንኳን ከክፍልህ ወጣህ» አትበሉት፤ መዝገቡን ስጡትና ከየት እንደሚጀምር አሳዩት።